ጨዋ የተባለችው ልጅ

ጥቁር ውሃ ሚካኤል፣ ቡሬ
ኅዳር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለንግሥቴ፤ አሥመራ።

የሚካኤል ጥበቃ ያለሽበት ድረስ ይከተልሽ። እኔም ባለቤቴ ማሚቱም ተማሪዎቼም በቸርነቱ አለን። ዓይኔ ብቻ ከእኔ ጋር መስማማት ትቶ ይህን ስጽፍ ወረቀቱን አንዴ አቀርባለሁ፣ አንዴ አርቃለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ በእርጅናዬ እንጂ በስንፍናዬ አትፍረጂ።

አባቴና አያትሽ የእህትና የወንድም ልጆች ነበሩ። ይህ ሩቅ ዝምድና ነው የሚል አለ። እኔ ግን እህትሽ አስካለ ማርያም ባለፈው ዓመት በመጋቢት በንዳድ ስታርፍ፣ ባሏም ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደ ወረደ ሲቀር፣ ሩቅ ነው ብዬ መንታዎቿን አልሸሸሁም። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለመያዝ ቤቴ አልቻለም። ሴቷን ሸጋዬን እኛ ወሰድን፤ ወንዱን ባዬን የእናታቸው ባልንጀራ ካሰች ፍኖተ ሰላም ወሰደችው። የምታውቂውን የምደግምልሽ ለምን እንደሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

ሸጋዬን ብታያት ትኮሪ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ግን በዚህ አገር አልታየም። አታለቅስም። አትጠይቅም። እንግዳ ሲበላ ከምሰሶው ሥር ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ወለተ ኢየሱስ የሽምብራ ቆሎ ብትዘረጋላት እጇን ወደ ኋላዋ ሰበሰበች። ወለተ ኢየሱስ «የየኔታ ቤት ልጅ ያስታውቃል እኮ!» እያለች ለመንደሩ ሁሉ አወራችው። ከዚያ ወዲህ የሚዘረጋላት ሰው የለም፤ እኔን ያፍራሉ።

በባዬ ግን ልቤ አዝኗል። ካሰች እንደምታውቂው ጠላ ትሸጣለች፤ ቤቷም ከመኪና መቆሚያው ጥግ ነው። ልጁ ከሾፌሩም ከደላላውም ትሪ እየበላ ያድጋል ይሉኛል። ከእኔ ዘንድ ላመጣው አስቤአለሁና አክስቱ ነሽ፣ ፈቃድሽን ላኪልኝ። ደግሞ ከተቻለሽ አንድ ጥቁር ጃንጥላ። የቀድሞውን ከትናንት በስቲያ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ገና ከደጅ ሳይወጣ ነፋስ ገለበጠብኝ፤ ሕዝቡም ሳቀብኝ።

በጤና ያቆይሽ።
መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ

አሥመራ
ጥር 6 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለየኔታ ወልደ ዮሐንስ፤

ጉልበትዎን በሩቅ እስማለሁ፤ የእትዬ ማሚቱንም። ደብዳቤዎ በልደት ዋዜማ ደረሰኝ። የማታ ትምህርቴን ስለጨረስኩ ከእንግዲህ ለሰው አላስጽፍም፤ ይህ የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ስሕተቱን እንደ ተማሪዎ ያርሙልኝ።

እኔ ከሥራዬ አለሁ። በሕፃናት ክሊኒክ ሚዛን እወለውላለሁ፤ ልጆቹን አስወልቄ ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ፤ ያለቅሳሉ፤ አለብሳቸውና ለእናታቸው እመልሳለሁ። በቀን ከመቶ ያላነሱ ይመጣሉ። ወደ ቤቴ ስሄድ ክንዴ አልነሣ ይለኛል። ያም ሆኖ እንጀራዬ ነው፤ ተመስገን።

የኔታ፣ «አታለቅስም፣ አትጠይቅም» ያሉኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ድፍረት አይሁንብኝና ልጠይቅዎ፦ ሸጋዬ በቀን ስንት ጊዜ ትበላለች? ከማን ጋር ትበላለች? ወተት ታገኛለች? ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች ወይስ ተቀምጣ ትውላለች?

በዚህ ፖስታ ውስጥ አራት ክር አለ። ነጮቹ ለሸጋዬ፣ ቀዮቹ ለባዬ ናቸው። ልጁን በጀርባው አስተኝተው ረጅሙን ክር ከተረከዙ እስከ አናቱ ይለኩበት፤ የደረሰበት ላይ ይቋጥሩ። አጭሩን በግራ ክንዱ መካከል አዙረው፣ ጫፉ የገጠመበት ላይ ይቋጥሩ። ለባዬም ሰው ልከው ያስለኩልኝ። እስከዚያ ድረስ ባዬን ካለበት አያንቀሳቅሱት። ጃንጥላውን ደግሞ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ንግሥቴ

ጥቁር ውሃ ሚካኤል
መጋቢት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለንግሥቴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ጽሑፍሽ ያማረ ነው፤ «ኀ»ን እና «ሀ»ን ግን አታምታቺ።

ጥያቄሽ የዳኛ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን፣ እመልሳለሁ። ሸጋዬ እኛ የምንበላውን ትበላለች። እንግዳ ይቀድማል፣ እኔ እከተላለሁ፣ ከዚያ ማሚቱና እሷ ከቀረው ይበላሉ። አሥራ ሁለት ተማሪ ያለበት ቤት ነው፤ ለምነው ቢመጡም ለምነው ያላገኙበት ቀን አለ። ላማችን ትታለባለች። ወተቱ ተጠራቅሞ ይናጣል፣ ቅቤው ለሚካኤል ዝክር ይቀመጣል። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ነው። ሕፃን እንዳይጾም መጽሐፉ ይፈቅዳል፤ በቤቴ ግን በጾም ወራት የወተት ዕቃ ታጥቦ ተሰቅሎ ይከርማል። ለአንዲት ልጅ ተብሎ ማን ያወርደዋል? ስለ መሮጥ ከጠየቅሽ፣ አትሮጥም። ሴት ልጅ ናት።

ለመሬት ክርክር ምስክር ሆኜ ፍኖተ ሰላም ወርጄ ስለነበር ባዬን ራሴ ለካሁት። ከጠላ ቤት መግባት ለእኔ የማይሆን ነገር ስለሆነ ደጅ ቆሜ አስጠራሁት። ባንድ እጁ ድንች በሌላው እንቁላል ይዞ ብቅ አለ። በሁዳዴ እንቁላል! ፊቱ በሽሮ ተለቅልቋል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ባዬ! ና ጉርሻህን!» ብሎ ቢጠራው ከእጄ አምልጦ ሮጠ። ለመለካት ሦስት ሰው ያዘው፤ እኔን ነከሰኝ። ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል፤ አንዷ ሻይ በዳቦ፣ አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ያገኘችውን ታጎርሰዋለች። ካሰችን ብገሥጻት «የኔ ብቻ ምን አረገው የኔታ፣ የሰፈሩ ልጅ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሸጋዬን ስለካ ግን የተኛች ይመስል ፀጥ ብላ ተዘረጋችልኝ። ክሮቹን እዚህ ውስጥ አድርጌአቸዋለሁ። ነጩ ቢያጥርብሽ አይግረምሽ፤ ሴት ልጅ ምንጊዜም ታንሳለች። ከፋሲካ በኋላ ባዬን አመጣዋለሁ። እዚያ ከቆየ ሰው አይሆንም።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ

አሥመራ
ግንቦት 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

የትንሣኤው ብርሃን ከቤትዎ አይራቅ። ጃንጥላውን በባህር ዳር በኩል በሚያልፍ ሾፌር ልኬአለሁ፤ ቡሬ ላይ ይጠይቁ።

ክሮቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ነጩ ከቀዩ በስድስት ጣት ያንሳል። ምናልባት አለካኬ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ለኃላፊያችን ነርስ አሳየኋት። «ይህች ስንት ወሯ ነው? ዓመት ሞልቷታል?» አለችኝ። ሦስት ዓመት ከሦስት ወር አልኳት። ቀዩ የማን ነው ስትለኝ ባንድ ቀን ከአንድ ማኅፀን የወጣ ወንድሟ ነው አልኳት። የክንዷን ክር ጣቷ ላይ ጠምጥማ ቆየችና ምንም ሳትል መለሰችልኝ። ይህቺ ሴት ወሬ የምትወድ ሴት ናት የኔታ።

ሴት ስለሆነች አይደለም። በዚህ ዕድሜ ሴትና ወንድ ይህን ያህል አይራራቁም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ቤትዎን ለመንቀፍም አይደለም። ወላጅ የሌላትን ልጅ አንሥተው ወስደዋል፤ ይህን እስክሞት አልረሳውም። ነገር ግን ባዬ ካንዱ ቤት ቢያጣ ሌላው ቤት ያገኛል። ሸጋዬ ያላት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም እሷን የሚያስታውሳት ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ነው። መንደሩ ደግሞ ለእርስዎ ክብር ብሎ እጁን ሰብስቦባታል።

ልጅ አልቅሶ አልቅሶ የሚሰጠው ሲያጣ ማልቀሱን ይተዋል። እኛ ዘንድ የሚያለቅስ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ የምንፈራው ዝም ያለውን ነው። የሸጋዬን ዝምታ ጨዋነት አይበሉብኝ፤ አቅም አጥታ ነው።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ባዬን ካለበት አያንሡት። ሸጋዬንም ለካሰች ይስጧት። እኔ መጥቼ ብወስዳት ደስ ባለኝ፤ ግን ከሦስት ሴቶች ጋር ባንድ ክፍል ነው የምኖረው፤ ሥራዬን ለሳምንት ብተወው ሌላ ሰው ይይዘዋል። ይህን ስጽፍልዎ አፍራለሁ። ደክሞኛልም የኔታ።

ንግሥቴ

ጥቁር ውሃ ሚካኤል
ሰኔ 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ንግሥቴ፤

ጃንጥላው ደርሷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አርባ ዓመት ዜማ አስተምሬአለሁ። ከእጄ የወጡ ካህናት ከደጋ ዳሞት እስከ ጅጋ ይቀድሳሉ። ዛሬ ሚዛን የምትወለውል ልጅ ልጅ ማሳደግ ታስተምረኛለች፤ ቤቴንም ከጠላ ቤት ጋር በክር ትለካዋለች። ሸጋዬ ከዚህ ቤት አትወጣም። ባዬን ለማምጣት ልኬ ነበር፤ ካሰች ደብቃው መልእክተኛዬን ባዶውን መለሰችው። ይህም ያንቺ ምክር ይሆናል። ክረምቱ ስለገባ ነገሩን ለመስከረም አቆይቼዋለሁ።

ወንዙ ሞልቷል። ደብዳቤ አትጠብቂ።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ

አሥመራ
ሐምሌ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ከሰኔው መልስዎ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። መንገዱ አስቀርቶት እንደሆነ፣ ወይም ተቀይመውኝ እንደሆነ አላውቅም። ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ፤ በፈለጉት ይቅጡኝ። ስለ ሸጋዬ ብቻ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ዛሬ የእሷ እኩያ መዝኜ እናቷ ፊት አለቀስኩ፤ ልጅቷ ጤነኛ ነበረች።

ንግሥቴ

ጥቁር ውሃ ሚካኤል
ነሐሴ 19 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለንግሥቴ፤

የፍልሰታዋ እመቤት በረከቷን ታድርስሽ። ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። ቂም ይዤ ነበር፤ በሱባኤው ተናዝዤ ተውኩት። አንቺም እርሺው።

አሁን ልብሽ ይረፍ፤ ሸጋዬ ወፍራለች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፊቷ ሞላ፣ ዓይኗ እስኪጠብ ድረስ። እግሯ ድቡልቡል አለ፤ በጣት ቢጫኑት ይጎደጉዳል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ፀጉሯም ቀላ፣ ሳሳም አለ። ወለተ ኢየሱስ አይታ «አማረባት» አለች። እኔም ይኸው ቤቴ ሰው አያጎድልም ብዬ ደስ አለኝ። ማሚቱ ብቻ ምንም አላለችም፤ ሰሞኑን ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዝምታ ነው። ልጅቷ መቀመጥ ታበዛለች፤ ውፍረቱ ከብዷት መሰለኝ።

ለመስቀል የምትለብሰው ቀሚስ ብትልኪላት መልካም ነበር። ሰፋ ያለ ይሁን።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ

አሥመራ
መስከረም 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

የነሐሴው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው።

የኔታ፣ ሥጋ አይደለም። ውሃ ነው። የተራበ ልጅ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያብጣል። እኛ ዘንድ እንዲህ ሆነው የመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፤ ወደ እናታቸው ቤት ያልተመለሱም አሉ።

ፈቃድዎን ሳልጠይቅ ለካሰች ቴሌግራም መትቻለሁ፤ «ሸጋዬን ዛሬውኑ ከዚያ አውጪያት» ብያታለሁ። ቢረግሙኝ እቀበላለሁ። ስትመጣ ግን በሩን አይዝጉባት።

ቀሚስ አልገዛሁም።

ንግሥቴ

ጥቁር ውሃ ሚካኤል
ኅዳር 16 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለንግሥቴ፤

ሸጋዬ በሕይወት አለች። ሌላውን ሳታነቢ ይህን እንድታውቂ ከሰላምታው አስቀደምኩት።

ያንቺ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ካሰች ደረሰች። መስከረም ሃያ አምስት ቀን ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ ነጠላዋ በወገቧ ታስሮ። ተማሪዎቼን ዜማ አስይዛለሁ። ተነሥቼ ምን እግር ጣለሽ ልላት ስል «የኔታ፣ እርስዎ ያስተምሩ። እኔ ለልጂቱ ነው የመጣሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ንግግር ከደጄ ተሰምቶ አያውቅም። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ማሚቱ ከጓዳ ሸጋዬን አዝላ ወጣች። በፊቴ አለፈች፤ አላየችኝም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ሳትነግረኝ ከደጅ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አሥራ ሁለት ተማሪ ያየኛል። 

እስከ ቡሬ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ወሰዷት። እዚያ ያለው ሐኪም አይቷት በቀን ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ወተት እንዲሰጣት አዘዘ፤ ትድናለች ብሎ ግን አፉን ሞልቶ አልተናገረም። የካሰች ጎረቤቶች ተራ ገቡላት። አንዷ የጠዋቱን ታመጣለች፣ አንዷ የረፋዱን። ሾፌሮቹ ከጅጋ ወተት በጠርሙስ ይዘው ይመጡላታል። ማሚቱ በማንኪያ ታጠጣታለች፤ እስከ ዛሬም ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

በጥቅምት መጨረሻ ሄድኩ። ገባሁ፣ ንግሥቴ። ሰዎቹ ጽዋቸውን አስቀምጠው ተነሡልኝ፤ ተቀመጡ አልኳቸው። ማሚቱን «አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። «መች ጠየቁኝ» አለች። እብጠቱ ወርዶ ስለነበር ውፍረት ያልኩት ሁሉ ከሥሩ ምን እንደነበረ ታየኝ። በአንቺ ክር የለካሁትን ክንድ በዓይኔ አላየሁትም ነበር፤ ዓይኔ ስለደከመ አይደለም።

እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ባዬ ከእጇ ዳቦ ነጠቃት። ጮኸች። ተነሥታ ልትመታው ሞከረች፤ ወደቀች፤ ወድቃም ጮኸች። ደንግጬ የማን ድምፅ ነው ብዬ ዞርኩ። አንድ ዓመት ተኩል ከቤቴ ኖራ ድምፅዋን አላውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፤ ጠላ ጠጪው ሁሉ እያየኝ። ሐኪሙ የወንድሟን ቁመት የምትደርስበት አይመስለኝም ብሏል፤ የጠፋው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም አለኝ። ከእንግዲህ እዚያው ትኖራለች። ባዬንም አልጠይቅም።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱ በቅጽሩ ተሰብስበው ነበር። ከዚህ በፊት የማየው የሚጮሁትን ነበር፣ ዝም በሉ ለማለት። ዘንድሮ ዝም ያሉትን ፈለግሁ። ከእናታቸው ቀሚስ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ፣ አገኘኋቸው። እየዞርኩ የእያንዳንዳቸውን ክንድ በጣቴ ያዝኩ። እናቶቻቸው የምባርክላቸው መስሏቸው እጄን ሳሙኝ። የወለተ ኢየሱስ የልጅ ልጅም አለችበት። ክንዳቸው እንደ ሸጋዬ የመነመነ ዘጠኝ ናቸው።

የላሟ ወተት ከእንግዲህ ለዝክር አይናጥም፤ ሚካኤል ይቀየመኛል ብዬ አላስብም። ጎረቤቶቼም እኔን ማፈራቸውን ትተው ለልጅ እንዲዘረጉ፣ ልጅ በፊት እንዲበላ፣ በዓውደ ምሕረት እናገራለሁ፤ ይሰሙኝም እንደሆነ እንጃ፤ እስከ ዛሬ ያስተማርኳቸው ሌላ ነው። እስከዚያው ያለው ወተት ለሁለት ልጅ ቢበቃ ነው። ለዘጠኝ አይሆንም። ሰው ልኬ ባስጠይቀው፣ ለዘጠኙ ባካፍለው ለማንም አይጠቅምም ብሎኛል ሐኪሙ። ሦስት ቀን አሰብኩበት፤ በመጽሐፍም ፈለግሁ።

አንቺ በየቀኑ መቶ ልጅ ታያለሽ። የትኛው እንደሚቀድም ታውቂ ይሆናል። ልጄ ሆይ፣ ሁለቱን እንዴት ልምረጥ? ጻፊልኝ። መንገዱ ደርቋል፤ መልስሽ ቢፈጥን በአሥራ አምስት ቀን ይደርሰኛል።

ወልደ ዮሐንስ